ነፃነት የተወለደችበት ዓርብ

ስልኬ ጠዋት ጠዋት «ዛሬ በታሪክ» የሚል መልእክት ይልክልኛል። ማን እንዳስገባብኝ አላውቅም፤ ልጄ ሳትሆን አትቀርም። ብዙ ጊዜ ሳላነበው ነው የማጠፋው። ባለፈው ነሐሴ ግን «በዛሬዋ ቀን ህንድ ነፃ ወጣች» የሚል ብቅ አለና ብቻዬን ሳቄ መጣ። ያቺን ቀን እኔ ከመጽሐፍ አይደለም የማውቃት። በአንዱ ዓመት የመኪና መሪ ጨብጬ፣ በላብ ተጠምቄ አሳልፌያታለሁ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ኦክላንድ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። የምኖረው ፍሩትቬል፣ አንዲት ዘመዴ ዘንድ ሲሆን የምሠራው ግን ሳን ሆዜ፣ አንድ የህንድ ጣፋጭ ቤት ነበር። እስከ ፍሪሞንት በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ነሐሴን የማውቀው በጭቃና በጎርፍ ነው፤ እዚያ ግን በመስኮት የሚታየው ኮረብታ ሁሉ እንደ ደረቀ ገለባ ወርቅማ ሆኖ ጠብታ ዝናብ የለም። ፍልሰታን በዚያ ፀሐይ መጾም ራሱ ግራ ያጋባ ነበር። ይባስ ብሎ ሥራዬ ቀኑን ሙሉ በወተትና በቅቤ የተሠራ ጣፋጭ መጠቅለል ነው። ሄሉና የተቆላው ሽምብራ እየሸተተኝ ምራቄን እውጣለሁ።

የቤቱ ባለቤት ሚስተር ባትራ ይባላሉ። የቀጠሩኝ ዕለት የየት አገር ሰው እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ጣታቸውን ቀሰሩና ጥርት ባለ አማርኛ «ቁጭ በል! ዝም በል!» አሉኝ። ክው አልኩ። ለካ በወጣትነታቸው ደሴ ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። አሁን አብራን የምትሠራው ልጃቸው ሱኒታም እዚያው ነው የተወለደችው። አማርኛቸው ከክፍሉ በር ወጥቶ አያውቅም፤ እኔን ሴቷን ሳይቀር ሁሉን «አንተ» ነው የሚሉት። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ «ቲቸር» አልኳቸው።

በእርግጥም ማስተማሩን አልተዉም። ከጣፋጭ ሣጥኖቹ በላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅለው፣ በዚያ ቀን በህንድ ምን እንደተደረገ፣ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ በየጠዋቱ በጠመኔ ይጽፋሉ። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ይጠይቁታል። ካልመለሰ ዕቃው አይጠቀለልለትም።

ያ ዓርብ የህንድ ነፃነት ሃምሳኛ ዓመት ነበር። ሰሌዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። በልደት በኩል ከነፃነቱ ሰባ አምስት ዓመት ቀድሞ የተወለደ ፈላስፋ፣ በሞት በኩል እስር ላይ ሳለ ያረፈ አንድ ታጋይ ተጽፏል። ከታጋዩ ሥር ደግሞ በህንድኛ ፊደል አንዲት አጭር ቃል አለች።

«ይቺስ ማን ናት ቲቸር?» አልኳቸው።

«እናቴ» አሉ በእንግሊዝኛ። አገሩ ህንድና ፓኪስታን ተብሎ ለሁለት ሲከፈል ከላሆር ወጥተው ሲሰደዱ፣ በዚያችው ቀን መንገድ ላይ ነው የሞተችባቸው። አሥራ ሦስት ዓመታቸው ነበር። «መጽሐፍ ላይ የለችም። ሰሌዳው ግን የእኔ ነው።» ከዚያ ወደ ሱኒታ የገፋ ሆድ አየት አድርገው፣ «ሕፃኑ ዛሬ ብቻ እንዳይመጣ። ሌላ ቀን ሞልቷል» አሉ።

«ፓፓ፣ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረኛል» ብላ ሳቀች ሱኒታ። ለበዓሉ የታዘዘውን ሦስት መቶ ላዱ፣ ያን ድብልብል የሽምብራ ጣፋጭ፣ የሱቁ ቫን ላይ ጭነን ጨርሰን ነበር። የምትነዳው እሷ ናት። ቁልፉን አንሥታ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ቆመች። እግሯ ሥር ውኃ ፈሰሰ።

ባሏ ማውንቴን ቪው በሚባል ሌላ ከተማ ቢሮው ነው። ደወልንለት፤ «ቀጥታ ሆስፒታል እመጣለሁ» አለ። ቲቸር ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት ከተዉ ቆይተዋል። እኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው፤ ፍሪዌይ የሚሉት ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ወጥቼ አላውቅም። ሱኒታ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠችና «እንዳታስቢው፣ ዝም ብለሽ ንጂ» አለችኝ።

እሷ አጠገቤ፣ ቲቸር ከኋላ ከላዱዎቹ ጋር። ፍሪዌዩ ላይ ስገባ እመቤቴን ጮክ ብዬ ጠራሁ። ሱኒታ በጮኸች ቁጥር እኔም እጮሃለሁ። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ፊታችን ጥልቅ ሲል ፍሬኑን ረገጥኩት፤ ሣጥኖቹ ቲቸር ላይ ተናዱ። ቲቸር ከሣጥኖቹ መሐል ጭንቅላታቸውን ብቅ አድርገው፣ በመስኮቱ ወደ ጭነት መኪናው በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ፣

«ነገ ወላጅህን ይዘህ ና!»

ሱኒታ ሳቋን መያዝ አቃታት። እያማጠች ትስቃለች፣ እየሳቀች ታምጣለች። እኔም እንባዬ እስኪወርድ እየሳቅሁ፣ በየት በኩል እንደወጣሁ ሳላውቅ ሆስፒታሉ በር ላይ አቆምኩ። ቫኗ በሁለት መኪና ቦታ ላይ ተጋድማ ነበር።

ምጡ አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ባሏ ሲሮጥ መጣ፣ ገባ፣ ወጣ። «ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው!» ቀኑ ቲቸርን ከብዷቸው ይሆን ብዬ ፈራሁ። ከኪሳቸው ብዕር አወጡና ሰዓታቸውን አይተው መዳፋቸው ላይ ጻፉ፤ ሰዓቱን፣ ከዚያ «ልደት» የሚለውን ቃል። ጽፈው ሲጨርሱ አለቀሱ። ወዲያው ደግሞ እንባቸውን ሳይጠርጉ «ላዱ!» አሉ።

ነርሷ፣ የጽዳት ሠራተኛው፣ እግሩን ተሰብሮ የመጣ ሰው ሳይቀር ላዱ ጎረሰ። ቲቸር ወደ እኔም አንድ ይዘው መጡና አፌ ድረስ ካደረሱት በኋላ ቆሙ። «ፍልሰታ!» አሉ። «ይቅርታ፣ አንተ ጾመኛ ነህ።» ስለ እኔም ራሳቸው ጎረሱልኝ።

የእናታቸውን ስም ለሕፃኗ ሊያወጡ ፈልገው ነበር። ሱኒታ እንቢ አለች። «አያቴ በሰላም ትረፍ፣ ፓፓ። ይቺ የራሷ ስም ይኑራት።» አኮረፉ። ላስታርቃቸው ብዬ «እኛ አገር ዛሬ ብትወለድ ነፃነት ነበር የምንላት» አልኩ። ቃሉን ደጋገሙት። ሱኒታ «ትምህርት ቤት ማን ይጠራላታል!» ብላ ሚና አለቻት። ቲቸር ግን ቤት ውስጥ እስከ መጨረሻው «ነፃነት» እያሉ ነው ያሳደጓት።

የተረፈውን ላዱ በዓሉ ወዳለበት መናፈሻ የወሰድኩትም እኔ ነኝ። «ለምን ዘገያችሁ?» ብሎ አንድ ሽማግሌ ሊቆጣ ሲል «ሴት ልጅ ተወለደች!» አልኩት። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነው፣ ግን ጮክ ብዬ። ያ ሁሉ ሰው አጨበጨበ። አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ ድምፄን ያን ያህል ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር።

ስልኬን አስቀምጬ ይህን ሁሉ ሳስብ አረፈድኩ። እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ትኖራለች። የልደት ቀኔን በደንብ አታውቀውም፤ ወረቀቴ ላይ ያለው በግምት የተሞላ ነው። እስከዚያን ዕለት ድረስም ጠይቄያት አላውቅም። ምሳ እያቀረብኩላት፣

«እማዬ፣ እኔ የተወለድኩ ቀን ምን ተደርጎ ነበር?» አልኳት።

ጉርሻዋን እጇ ላይ እንደያዘች ትክ ብላ አየችኝ።

«ምን ተደረገ ትላለች እንዴ!» አለች። «አንቺ ተወለድሻ!»