የአዴ ጫልቱ ፓስታና አረንጓዴው ጠርሙስ

ወሬው የደረሰኝ ሊጥ እየዳመጥኩ ሳለ ነው። ስልኬ ከዱቄቱ አጠገብ ነበር፤ የእህቴ የሀዊ የድምፅ መልእክት መሆኑን አይቼ በክርኔ ነካ አደረግሁት። ሀዊ እንደ ልማዷ ስለ ስንዴው አዝመራ፣ ስለ እማዬ ጉልበት ስታወራ ቆየችና መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አዴ ጫልቱ ወደ ጌታ ሄዱ። ማክሰኞ ቀበርናቸው። ዝናብ ስለነበር ሰው ብዙም አልወጣም» አለች። ከዚያ የላክሁላት ጫማ እንደጠበባት መናገር ጀመረች፤ እኔ ግን መስማት አቁሜ ነበር። እዚህ ሊባኖስ፣ ከባሕሩ አፍ ላይ ባለው ቤት፣ የምንከባከባቸው አሮጊት ማዳም «ምስሩ እንዳያርር» ብለው እስኪጣሩ ድረስ እጄን ሊጡ ላይ እንደጫንኩ ቆሜ ቀረሁ።

ልጅ እያለሁ፣ ጊንጪ፣ አውቶቡሶቹ ከሚቆሙበት ወረድ ብሎ፣ አዴ ጫልቱ አንዲት ክፍል ምግብ ቤት ነበረቻቸው። ሊባኖስ በሰው ቤት ስምንት ዓመት ሠርተው የተመለሱ ሴት ነበሩ። ሌላው ከዐረብ አገር ሲመለስ ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው ይዘው የመጡት አንድ ምግብ ነው። ፓስታ ሲባል እኛ የምናውቀው በላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ የሚገዛውን ነበር። አዴ ጫልቱ ግን የስንዴ ዱቄት በውኃና በጨው ያቦኩና በባዶ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ዳምጠው በቢላ እንደ ጥብጣብ ይቆርጡታል። ለብቻውም አይቀቅሉትም። ድፍን ምስር ጥደው፣ ሊበስል ሲል እላዩ ላይ ይበትኑታል፤ ሊጡ ላይ የተነሰነሰው ዱቄት መረቁን ያወፍረዋል። እስኪጠቁር የተጠበሰ ቀይ ሽንኩርት ይከተላል፣ ከዚያም በነጭ ሽንኩርት የተቁላላ የድንብላል ቅጠል። ያ ሽታ ከትምህርት ቤት ስንወጣ አስፋልቱ ላይ ይቀበለን ነበር። በመጨረሻ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ አንገተ ረጅም ከሆነ አረንጓዴ ጠርሙስ ጥቁር ቀይ ነገር ጠብ ጠብ ያደርጉበታል።

«አዴ፣ ዛሬ የጫማ ክር አለ?» ይላል ከባኮ በቆሎ ጭኖ የሚመጣ ሾፌር፣ ገና ከበሩ።

«ላንተ ጫማ የሚደርስ የለም፤ ለሆድህ ግን ሞልቷል» ይሉታል፣ ቀና ሳይሉ።

የእኔ ሥራ የተቆረጠው ሊጥ እንዳይጣበቅ ዱቄት መነስነስ ነበር፤ ዋጋዬም የድስቱ ቂጥ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ደግመው፣ አንዱ ብቻውን የማይበቃኝ ይመስል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ቤቱ ሰው ሞልቶት ስለነበር «አንድ ቀን አሳይሻለሁ» አሉኝ። ጠርሙሱ ላይ በግማሽ የተላጠ ወረቀት ነበረ፣ የወይን ዘለላ የተሳለበት።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ እሑድ በልጆች ትምህርት ላይ ስለ ዳንኤል ተማርን፤ የንጉሡን ምግብና ወይን ጠጅ እንቢ ስላለው። አስተማሪያችን «ከእናንተ መካከል እንደ ዳንኤል እንቢ ያለ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም እጁን አላወጣም። እኔ አወጣሁ። «አዴ ጫልቱ ምግብ ውስጥ ወይን ጠጅ ያደርጋሉ። እኔ ግን አልበላም አልኳቸው» አልኩ። ወይን ጠጅ መሆኑን አላውቅም፤ የማውቀው ያንን ሥዕል ብቻ ነው። አልበላም ብዬም አላውቅም፤ ዐርብ ዕለት ድስቱን በጣቴ ጠርጌዋለሁ። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። አስተማሪው አዲስ እርሳስ ሸለመኝ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። አባቴ መጠጥ ከሚከለክለው ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ነበርና የሆነውን እራት ላይ ለእማዬ ሲያወራ ሰማሁ። አዴ ጫልቱ ሽማግሌዎቹ ፊት ሲጠሩ ጠርሙሱን ራሳቸው ይዘው መጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት አለ። «ሾፌሮቹ ከቆላ የሚያመጡልኝ የሮማን ጭማቂ ነው፤ እሳት ላይ ቆይቶ የወፈረ። ባዶውን ጠርሙስ የሰጠችኝ አሠሪዬ ናት። ቅመሱት» አሉ። በእኛ ብርድ አገር ሮማን የሚያውቅ የለም። አንዱ ሽማግሌ «ሮማንማ በአሮን ልብስ ዘርፍ ላይ ነው የምናውቀው፤ ምስር ውስጥ መቼ ገባ?» ብለው ሁሉንም አሳቁ። ከወይን ጠርሙስ የወጣ ነገር ከንፈሩን ሊያስነካ የደፈረ ግን አልነበረም። አዴ ጫልቱ ለስድስት ወር ከጌታ እራት ታገዱ።

«እውነት ሮማን ቢሆንስ?» አለች እማዬ።

«ሕፃን አይዋሽም» አለ አባቴ፣ ወደ እኔ ዞሮ። ዓይኑ በኩራት የተሞላ ነበር። ጉርሻዬን ዋጥኩና ሌላ ጠቀለልኩ።

በመጀመሪያ መምህራኑ ቀሩ፣ ቀጥሎ የጤና ጣቢያው ሠራተኞች። ከሾፌሮቹ በስተቀር የሚገባ ጠፋ፤ በአጨዳ ሰሞን ቤቷ ተዘጋች። አዴ ጫልቱ ገበያ ላይ ሽንኩርት መቸርቸር ጀመሩ። ስድስት ወሩ አልቆ ወደ ማዕዱ ቢመለሱም ከዚያ ወዲያ የሚቀመጡት ከኋላው አግዳሚ ላይ ነበር። ቤቷ ሳትዘጋ በፊት አንድ ቀን ከበሩ ላይ ሆነው «ኢንተላ ኮ፣ ለሊጤ ዱቄት የሚነሰንስለት አጣሁ እኮ» ብለው ጠሩኝ። ያልሰማሁ መስዬ መንገዱን ተሻግሬ አለፍኩ። ማን እንደተናገረባቸው ያውቁ ነበር፤ ያቺ ልጅ ዋሸች ሲሉ ግን የሰማቸው የለም።

አድጌ ወደዚህ አገር ልመጣ ስል ሊሰናበቱኝ ቤታችን መጡ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ «የለችም በያቸው» ብዬ እማዬን ለመንኳት። «ግድ የለም። እዚያ ሮማኑን ታገኘዋለች። ስትቀምሰው ትደውልልኝ» ብለው ሄዱ።

ቀመስኩት። በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ማዳም አንድ ካርቶን ሮማን አስገዝተው ፈልፍለን ጨመቅነው። ግማሽ ቀን እሳት ላይ ቆይቶ ሲወፍር ማዳም ሟች ባላቸው ከተዉት የወይን ጠርሙስ ውስጥ ገለበጡት፤ እዚህ ሁሉም ቤት እንደዚያ ያደርጋል። ማንኪያውን ላስኩ። ጎምዛዛ፣ ከኋላው ጣፋጭ፤ ያው የጊንጪው ጣዕም ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ግን አልደወልኩም። እሑድ ይለፍ አልኩ፣ በዓሉ ይለፍ አልኩ። ተንበርክኬ ለእግዚአብሔር ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ ለእሱ መናገር ይቀላል፣ ለካ ለእሳቸው ነው የከበደኝ። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ያኔ ዱቄት ነስናሽ ነበርኩ፤ ዛሬ ምስሩን የምጥደውም ሊጡን የምቆርጠውም እኔ ነኝ። ማዳም «እጅሽ እንደ አገሬው ሴት ነው፤ ማን አስተማረሽ?» ሲሉኝ አንዲት ዘመዴ እላለሁ። ስማቸውን መጥራት አፍር ነበር። ድስቱ ግን ያው ነው፣ ሽታውም። አሁን ለአባቴ ደውዬ ያ እርሳስ በሐሰት የተገኘ መሆኑን ነግሬዋለሁ። እሱም «ምነው ያኔ» ብቻ አለኝ።

በዚያ እሑድ አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ ያጨበጨባችሁልኝ ልጆች፣ ዛሬ አንዳንዶቻችሁ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ዘማሪና አስተማሪ ናችሁ። እለምናችኋለሁ፣ ከጉባኤው ፊት ቆማችሁ ይህን አንብቡልኝ፤ ስሜንም አትሸፍኑ። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ሮማን ነው በሉ። በመጨረሻው ሰሞን አልጋቸው አጠገብ የተቀመጣችሁ ደግሞ ካላችሁ፣ ስልካቸው ሲጮኽ ከሊባኖስ ነው ወይ ብለው ይጠይቁ እንደሆነ ንገሩኝ። ጠይቀው ከነበረም፣ ለእኔ አዝናችሁ አትደብቁኝ።