ጋሽ መንገሻ ያልቆረጡት ካፖርት

ሮተርዳም፣ ማሪከ የምትባለው ጓደኛዬ ቤት፣ ጠባቡ ኮሪደር ላይ ዝናብ የመታቸው አሮጌ ካፖርቶች ተደራርበው ተሰቅለው ነበር። ገና በሩን ስገባ የእርጥብ ሱፍና የናፍታሊን ሽታ ተቀበለኝ፤ ጋሽ መንገሻ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ዴንሃግ የነበረው ወጥ ቤታቸው ልክ እንዲህ ነበር የሚሸተው፣ በተለይ የጋለው ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ። ትንሽ ቆይቼ በእሳቸው ምክንያት ከሰው ጋር እንደምጣላ ግን አላሰብኩም።

ጋሽ መንገሻ ከእኛ ሦስት በር አልፎ፣ እዚያው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጠዋት ቢሮ ያጸዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በእግር በሚረገጠው መኪናቸው ይሰፋሉ። ጨርቅ ላይ ምልክት የሚያደርጉት ባለቀች ሳሙና ነበር። እናቶቻችን ክሪንግሎፕ የሚባለው የአሮጌ ዕቃ መደብር ሄደው ሰው የተወውን የትልቅ ሰው ልብስ ይገዙና ያመጡላቸዋል፤ እሳቸው ለልጅ ልክ ያደርጉታል። መቀስ ግን አያነሱም። ትርፉን ሁሉ ወደ ውስጥ አጥፈው ይሰፉታል።

«ጋሼ፣ ቢቆርጡት አይቀላትም?» አለች እናቴ አንድ ቀን።

«ልጅ እኮ ታድጋለች። የቆረጥኩትን ማን ይመልስልኛል?»

እኔ ደግሞ እዚህ አድጌ አፌ አልተገራም፤ «አንተ ግን ለምን አትቆርጠውም?» አልኳቸው። እናቴ በዓይኗ ገረመመችኝ። እሳቸው ሳቁ።

ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ አንድ አረንጓዴ የወንድ ካፖርት አጥፈው ሰፉልኝ። ጥሩ ሱፍ ነው፤ ግን ያ ሁሉ እጥፋት ውስጡ ስላለ ይከብዳል፣ ያብጣል። የክፍሌ ልጆች «ፍራሽ ለብሳ መጣች» እያሉ መሳቂያ አደረጉኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። አንድ ጠዋት ካፖርቱን ላለመልበስ ከላይ ሁለተኛዋን ቁልፍ ራሴ በጠስኳትና እሳቸው በር ላይ ትቼው ሄድኩ። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ዶፍ ይዘንባል። ጋሽ መንገሻ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመዋል፤ ቁልፏን ሰፍተው፣ ካፖርቱን በፌስታል ጠቅልለው፣ ራሳቸው በስብሰው።

አጠገቤ ያለችው ልጅ «ማነው ሰውዬው?» አለችኝ።

«አላውቀውም» አልኩ በደች።

ያቺን የምታህል ደች ያውቁ ነበር። ፌስታሉን የብስክሌት ማቆሚያው ብረት ላይ አንጠልጥለው ሄዱ። ለእናቴ አልነገሩም፤ ለእኔም ትንፍሽ አላሉም። ከዚያም በኋላ ቤታቸው ስሄድ እንደ ወትሮው ትከሻዬን ይለኩኛል። ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ እየተማርኩ ሳለ ሞቱ። ይቅርታ ሳልላቸው።

አሁን እንግዲህ ያ ፍራሽ የተባለው ነገር ቪንቴጅ የሚባል ተፈላጊ የድሮ ልብስ ሆነና እኔም ከወዳጆቹ አንዷ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አምስተርዳም ወይ ዴንሃግ ገበያ ለገበያ እንዞራለን። ከመካከላችን ኬቪን የሚባል አሜሪካዊ አለ፤ አገሩ እየናፈቀው ስለሚተክዝ በየዓመቱ የእነሱን የምስጋና በዓል፣ ታንክስጊቪንግን፣ እናከብርለታለን። በዓሉ የሚውለው ሐሙስ ቢሆንም፣ ያን ቀን ሁላችንም ሥራ ላይ ስለሆንን ቅዳሜ ምሳ ላይ ነው። ዘንድሮ ተርኪ የሚሉት የበዓሉ ትልቅ ዶሮ የማሪከ ምድጃ ውስጥ አልገባ አለና በእሱ ፈንታ ሁለት ዶሮ በክር ታስሮ ቀረበ። ኬቪን ለቅሶ እንደመጣ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ሁላችንንም አጽናና። እኔ የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ከዱባውና ከድንቹ ጋር ቀረሁ።

ሥርዓታችን አንድ ነው፤ ሁሉም በተራ እየተነሣ የለበሰውን ልብስ የቀድሞ ባለቤት ያመሰግናል። ኬቪን ሰፊ ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ «የማላውቅዎት ወፍራም ጌታ ሆይ፣ ሁለተኛ ሰሃን የምበላበት ቦታ ስለተዉልኝ አመሰግናለሁ» አለ። በሳቅ ሞትን።

ተራዬ ደረሰ። አረንጓዴውን ካፖርት ለብሼ ተነሣሁ። የድሮ ልብስ አዋቂያችሁ ነኝ የሚለው ሩድ ጫፉን ገልጦ ውስጡን አየና ፊቱን አጨማደደ። «እንዲህ ያለ ሱፍ! የትኛው ጀማሪ ነው ያበላሸው? ይሄ ሁሉ ስፌት ተፈትቶ እንደ ጥንቱ መመለስ አለበት። ማነው ሰውዬው?»

ሰዉ ሳቀ። ክፋት የለባቸውም፣ አውቃለሁ። ግን ደሜ ፈላ። ልጅ ሆኜ የሳቁበት እንደ እነሱ ያሉት፣ ዛሬ ብርቅ ነው የሚሉትም እነሱ፤ የሰፋው ሰው ግን ያኔም ዛሬም መሳቂያ ነው? የለበሰውን ሁሉ ሲያመሰግኑ ይውላሉ፣ የሰፋውን ማን አስታወሰው? ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን እኔው ራሴ ነኝ። ጨዋታው እንዳይበላሽ ብዬ «አላውቀውም» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«መንገሻ ይባላሉ» አልኩ። «ጎረቤቴ ነበሩ። ጀማሪ አይደሉም።»

ካፖርቱን አውልቄ ሳህኖቹን ገፋ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። እጅጌው ላይ የቀሩትን የድሮ እጥፋት መስመሮች በጣቴ እያሳየሁ፣ ይቺን ዐሥራ አራት ዓመቴ ላይ ፈቱልኝ፣ ይቺን ዐሥራ ስድስት፣ ይቺን ከሞቱ በኋላ ራሴ ፈታሁ አልኳቸው። ቆርጠውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ አልለብሰውም ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያደረግኩትንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

ሩድ መስመሮቹን ቀስ ብሎ ዳሰሳቸውና «ይቅርታ» አለኝ።

«እኔን አይደለም፣ እሳቸውን ነው» አልኩት። ያልኩት ለራሴም ጭምር ነበር።

ኬቪን ብርጭቆውን አንሥቶ «ለመንገሻ» አለ። ሁሉም ስሙን እንደየአፋቸው አበላሽተው ጠሩት። አላረምኳቸውም።

ስወጣ አሁንም ይዘንባል። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ካፖርቴን ቆለፍኩ። የዚህ ካፖርት ቁልፎች በየጊዜው እየወለቁ ሁሉንም ቀይሬአቸዋለሁ፤ ያቺን እሳቸው መልሰው የሰፏትን፣ ከላይ ሁለተኛዋን ብቻ አልነካኋትም። እሷ እስከ ዛሬ አልላላችም።