የጀማሉዲን አምስተኛው ክረምት

ጀማሉዲን አንድ ጊዜ ያነበበውን የማይረሳ ሰው ነበር። ወሎ ቁርኣን ቤት ያደገ ነውና ሽምደዳ አይከብደውም። አዋሽ ላይ እኔ ታሪክ ሳስተምር እሱ ሒሳብ ያስተምር ነበር፤ የተማሪዎቹን ስም እስከ አያታቸው ድረስ በቃሉ ይወርደዋል። ክረምት በመጣ ቁጥር ደግሞ በባቡር አዲስ አበባ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ለዲግሪው ይማራል። በ1973 ዓ.ም.፣ በአራተኛው ክረምት፣ ጉድ የሠራው ይኸው ችሎታው ነው።

ሪል አናሊሲስ የሚባል ኮርስ ነበረባቸው። ስሌት ብሎ ነገር የለበትም፤ እያንዳንዱ ነገር ለምን እውነት እንደሆነ ከሥር ከመሠረቱ ማስረዳት ብቻ ነው። ጀማሉዲን ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ሸምድዶ ገባና ፈተናው ላይ ቁልጭ አድርጎ ገለበጠው። መምህሩ ዶክተር ተክለ ማርያም አስጠሩት።

«ይህን መስመር ሰሌዳ ላይ ተሳስቼ ጽፌው ወዲያው አጥፍቼዋለሁ። አንተ ከየት አመጣኸው?»

ሳይጠፋ ቀድሞ ቀድቶት፣ ስህተቱንም አብሮ ሸምድዶታል! ወደቀ። በሚቀጥለው፣ በመጨረሻው ክረምት ደግሞ ከወደቀ ይሰናበታል፤ የአምስት ክረምት ድካም ገደል ገባ ማለት ነው።

እኔ ስቄበታለሁ፤ እሱ ግን ከሳ። ያን ዓመት ከሰዓት በኋላ፣ አዋሽ በሙቀት ጭር ስትል፣ ሚስቱ ሱልጣና ልብስ ከምትሰፋበት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ማስረጃዎቹን ይወርድላት ጀመር። ሱልጣና የተማረችው መሠረተ ትምህርት ብቻ ነው። አንድ ቀን እኔም ባለሁበት የስፌት መኪናዋን ድንገት አቆመች።

«ጀማል፣ እንግሊዝኛውን ተወውና በአማርኛ ንገረኝ። ይኼ ከዚያኛው እንዴት መጣ?»

«እንዲህ ነው የሚባለው።»

«እጅጌው አጠረብኝ ያለችኝን ሴት ‹እንዲህ ነው የሚሰፋው› ብላት ትተወኛለች?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ደብተሩን አንሥቶ ወጣ፤ ሦስት ቀን ሁለታችንንም አኮረፈን። በአራተኛው ቀን ባዶ እጁን መጣና ከአንገቷ ላይ ሜትሯን ወሰደ።

«ልብሱ ምን ያህል ቢዛነፍ ትታገሺያለሽ?»

«ግማሽ ጣት።»

«እንግዲያው ስትለኪ ከምን ያህል በላይ መሳሳት እንደሌለብሽ ልንገርሽ።»

ነገራት። ሱልጣና ግማሹን ጣት ወደ ሩብ አወረደችበት፤ ቀጥላ ወደ ክር ውፍረት። እሷ ምንም ያህል ብታጠብበት እሱ መልስ ሊኖረው ይገባል። ያ ሁሉ የሸመደደው ማስረጃ ይህንኑ የሚል መሆኑ ያኔ ገባው። «ለካ ይህን ነው ሲሉን የኖሩት!» እያለ በረንዳው ላይ ሲንጎራደድ ዛሬም ይታየኛል። ከዚያ ወዲህ እስከ ሰኔ ድረስ አንዲት መስመር ለሱልጣና ሳያስረዳ አላለፈም። እሷም ሳይገባት ገባኝ የምትል ሴት አይደለችም፤ አበሳውን አሳየችው።

አምስተኛውን ክረምት ጨርሶ በጳጉሜን ሊመለስ ነው ሲባል ከሱልጣና ጋር ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ልጆቹን ግራና ቀኝ ይዛለች። ገና ከባቡሩ እንደወረደ፣

«አለፍኩ» አላት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ስንት እንዳመጣ እንኳ አልጠየቀችውም። «እንግዲህ ክረምት ሲመጣ አትሄድም?»

«አልሄድም፣ ሱልጣና። የትም አልሄድም።»

ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበችና እዚያው ሰው መሀል ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አምስት ክረምት ስትሸኘው አይቻለሁ፤ አንዲት ዘለላ እንባ አላየሁባትም። ልበ ደንዳና ናት ብዬ አምቻታለሁም፤ ያውም ሁለቱንም ልጆቿን የወለደችው ክረምት ላይ፣ እሱ በሌለበት መሆኑን እያወቅሁ።

አፈርኩ። ሻንጣውን አንሥቼ ቀደምኳቸው።