አንገቱ በእጄ ነበር

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት አናጢ ሲያትል አጠገብ ማውንትሌክ ቴራስ ወዳለው ክሊኒኬ መጥቶ አልጋው ላይ በጀርባው ተጋደመ። አንገቱን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ ብዬ ወደ ግራ ሳዞረው ዓይኑን እንደ ጨፈነ፣ «ዶክተር፣ እንዲህ እንደያዙ ሰው ገድለው ያውቃሉ?» አለኝ። ቀልዱን ነው። በዚህ ሙያ እስካሁን ስኖር ይህን ቀልድ ያልቀለደብኝ ታካሚ ጥቂት ነው። እኔም፣ «ተገድያለሁ ብሎ የከሰሰኝ የለም» እያልኩ ማሳቅ ለምጃለሁ። ያን ዕለት ግን ልጁ ዓይኑን ገልጦ፣ «ኦኬ ነዎት?» ሲለኝ ነው እጄ ቆሞ እንደቀረ ያወቅሁት።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ትምህርቴን ልጨርስ የቀረኝ የመጨረሻው እርከን ብቻ ነበር። ኮሌጁ ያለው በሌላ ስቴት ቢሆንም፣ የመጨረሻውን ጊዜ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ሥር ታካሚ እያከሙ ማሳለፍ ግዴታ ነው። እኔ ሲያትልን የመረጥኩት ታላቅ ወንድሜ ቡሪየን ስለሚኖር፣ ሶፋውም ስለሚበቃኝ ነበር። የሙያዬን ስም ሀበሻው በቀላሉ አይዘውም። ካይሮፕራክተር ከማለት «ወጌሻው» ይሉኝ ነበር። እናቴም በስልክ ምን እንደምማር ስነግራት፣ ወጌሻማ እኛም ሰፈር አለ፣ ለዚህ ነው እንዴ ባሕር የተሻገርከው ብላ አዝናለች። እውነቷን ነው፣ የአከርካሪና የመገጣጠሚያ ሕክምና ነው፣ የሚሠራውም በእጅ ነው።

የምለማመድበት ክሊኒክ ዋይት ሴንተር በሚባል ሰፈር፣ በልብስ ማጠቢያ ቤትና በአንድ የቬትናሞች ሾርባ ቤት መካከል የተሰነቀረ ነበር። ከቡሪየን በአውቶቡስ አምባውም በሚባለው ጎዳና እመጣለሁ። ስሙ የኛ አገር ስም ስለሚመስለኝ በተጠራ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ጊዜው ሁዳዴ ነው። ዝናቡ አይጠነክርም አይቆምምም፤ ከሾርባ ቤቱ ደግሞ ሲንተከተክ ያደረ የበሬ አጥንትና የቅመም ሽታ በግድግዳው እየሾለከ ጾመኛውን ይፈትናል። አለቃዬ ዶክተር ሎይስ ከስልሳ ያለፈች፣ ረጅም፣ መዳፏ እንደ ገበሬ መዳፍ የሰፋ አሜሪካዊት ነበረች። መኮንን ማለት ስላቃታት «ማክ» ትለኛለች። ማስተማር የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ አንገት ሲዞር ራሱ በቃኝ የሚልበት ቦታ አለ። ከዚያ ወዲያ የምትሰጠው ግፊት በጣም ትንሽና በጣም ፈጣን ነው። ትንሽነቱን የማያውቅ እጅ ወደ ታካሚ መቅረብ የለበትም። ለልምምድ የራሷን አንገት ይዤ በቃኝ ወደሚለው ቦታ ስደርስ፣ «እዚያ ላይ ቁም» ትለኛለች። ሳምንታት ሙሉ ያስተማረችኝ መቆምን ነበር።

ትርሲት የመጣችው በአንድ ዝናባማ ጠዋት ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ ዕድሜዋ ከኔ ብዙም አይርቅም። ደረጃ ላይ ወድቄ አንገቴን አመመኝ አለች። ዶክተር ሎይስ ራጅ ሳትነሳ ማንም እንዳይነካት አለች፤ አጥንቷ ደህና ሆኖ ተገኘ። ሻርፗን ስታወልቅ ግን ከአንድ ጆሮዋ ሥር የአውራ ጣት፣ ከሌላው ጆሮዋ ሥር የአራት ጣት ምልክት ነበር። ደረጃ ጣት የለውም አልኩ በልቤ። ዶክተር ሎይስም አይታ ነበርና በቋንቋችሁ ተነጋገሩ ብላ ወጣችልን። ማን እንደነካት ስጠይቃት መሬት መሬት እያየች፣ «ወንድሜ፣ አንተ አንገቴን ብቻ አድንልኝ» አለችኝ።

ሰው በሆዱ ተጋድሞ፣ ፊቱን አልጋው ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ አስገብቶ ሲተኛ፣ ዓይን ለዓይን የማይናገረውን ወለሉን እያየ ይናገራል። ይህን ያስተማረኝ ኮሌጅ የለም፤ ከትርሲት ነው የተማርኩት። ባሏ ጌታሁን ይባላል። ዲቪ ደርሶት ቀድሟት የመጣ፣ ኤርፖርት ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ሰው ፊት ተጫዋችና ታዛዥ፣ ቤተ ክርስቲያን ወንበር ሲደረድር የሚውል ሰው ነው። ቤት ሲገባ ያንቃታል። ከዱላ ይልቅ ማነቅን የመረጠው ጎረቤት ስለማይሰማ ነው አለችኝ፤ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሁሉ ድምፅዋ አልተለወጠም። ዶክተር ሎይስ የምታውቃቸውን ሴቶች ኮል አድርጋ መጠለያ አገኘችላት፤ ትርሲትም አንድ ጠዋት በሥራ ልብሷ እንደወጣች ቀረች። ፍርድ ቤት እንዳይቀርባት አዘዘው። ሕክምናዋን ግን አላቋረጠችም፤ ቀኗን ብቻ ቀየርንላት።

ቀኑን መቀየራችን አልጠቀመም። ጌታሁን ከሆቴሉ ጀምሮ ተከትሏት ኖሯል። እኩለ ቀን ላይ ትርሲትን በጀርባዋ አስተኝቻት፣ ትኩስ ፎጣ ላመጣ ወደ ጓዳ እንደገባሁ የመስተዋት መሰበር ሰማሁ። ስወጣ ዶክተር ሎይስ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ፊቷን በመዳፏ ሸፍናለች፣ ከጣቶቿ መካከል ደም ይወርዳል። መንገዱን ዘግታ ስትቆምበት በጎማ መፍቻ ብረት ቅንድቧን ብሏታል። የክፍሉ በር ተበርግዷል። ብረቱ ወለሉ ላይ ወድቋል። ጌታሁን በሁለት እጁ የትርሲትን ጉሮሮ ይዟል። ከሁሉ የማይረሳኝ የተረከዟ ድምፅ ነው፤ አልጋውን ይደበድባል፣ ከዚያ መደብደቡ እየሳሳ ይሄዳል።

እሱ ከኔ ይገዝፍ ነበር። ጀርባውን በቡጢ መታሁት፣ ጎኑን መታሁት፤ ዝንብ ያረፈበት አልመሰለውም። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አስቤ አላደረግሁትም። ቀኝ እጄ ከአገጩ ሥር ገባ፣ ግራዬ ከማጅራቱ በላይ ያዘ፤ ጭንቅላቱን ወደ ደረቴ ስቤ አዞርኩት። በቃኝ የሚለው ቦታ ደረስኩ። እርጥብ ጃኬቱና የጸጉሩ ቅባት ይሸተኛል። ሰውየው ደርቆ ቀረ፤ ምን እንደያዘው አንገቱ ነግሮታል።

«ልቀቃት» አልኩት።

አልለቀቃትም። ትንሽ ጨመርኩ። ከጉሮሮው የሆነ ድምፅ ወጣና እጆቹ ተከፈቱ። ትርሲት ከአልጋው ተንከባልላ ወደቀች፤ እያሳለች፣ እየዳኸች ጥጉን ያዘች።

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። እኔ ግን አልለቀቅሁትም። በጣቶቼ ሥር የአንገቱን አጥንቶች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ የትኛው ላይ፣ በየት አቅጣጫ፣ ምን ያህል እንደሚበቃ አውቃለሁ። ቁጣ ቢሆን ኖሮ ባልገረመኝ። ቁጣ አልነበረም። ልቤ ጸጥ ብሎ ነበር፤ በደንብ የጀመሩትን ሥራ በደንብ የመጨረስ ፍላጎት ነበር። ዛሬም ሳስበው የሚያስፈራኝ ያ ጸጥታ ነው።

ዶክተር ሎይስ ግድግዳውን እየዳበሰች በሩ ላይ ደርሳ ነበር። አንድ ዓይኗ በደም ተሸፍኗል። አልጮኸችም። «ማክ፣ እዚያ ላይ ቁም» አለችኝ፣ ልክ ስታስተምረኝ እንደምትለው። ከዚያ፣ «አሁን ቀስ ብለህ መልሰው።»

መለስኩት። እጄን እንዳነሳሁ ጌታሁን ጎንበስ ብሎ ብረቱን አነሳና በሙሉ ጉልበቱ አወረደብኝ። ጭንቅላቴን ልከላከል ያነሳሁት ቀኝ እጄን ነበር። የአጥንት ስብራት ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው በትምህርት ነግረውኝ ነበር፤ በራስ እጅ ሲሆን ግን የሚሰማው በጥርስ ነው። ሁለተኛው ምት ትከሻዬ ላይ አረፈ። ሦስተኛውን ሳያነሳ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ባለቤት፣ ፌቱ የሚባለው ግዙፍ ሳሞኣዊ፣ ገብቶ ከኋላ አቀፈው። አቅፎ አስተኛውና ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ አንዲት ቃል ሳይናገር ተቀመጠበት።

ሆስፒታል የትርሲትና የኔ አልጋ በመጋረጃ ብቻ ተለያይቶ ነበር። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። አንገቷ ታስሯል፤ ዓይኗ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ፈንድተው ነጩ ሁሉ ቀልቷል። ድምፅ የላትም፣ ትንፋሽ ብቻ ናት።

«ለምን ለቀቅከው?» አለችኝ።

ወቀሳ አልነበረም። ማወቅ ፈልጋ ነው። ትንሽ ጠብቃ መጋረጃውን መለሰችው።

እጄ በጄሶ ታስሮ ወንድሜ ቤት ሳለሁ ጋሽ በላቸው ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ሀበሻ ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሁላችንም ስናያቸው ከመቀመጫችን የምንነሳላቸው ሰው ነበሩ። ስለ እጄ አዝነው፣ እግዜር ይማርህ ብለው፣ ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። ጌታሁን ጥፋቱን አምኗል፣ አልቅሷልም አሉ። ፍርድ ቤት ቀርበን ከመሰከርንበት እስር ቤት ይገባል፣ አገርም ይባረራል።

«ልጄ፣ የሰው ትዳር ነው» አሉኝ። «ለኛ ተዉት፣ እኛ እንጨርሰዋለን።»

«ጋሽ በላቸው፣ እርስዎ ጨርሰውት ሳይነሱ እሷ ታልቃለች» አልኳቸው።

ለታላቅ ሰው እንዲህ መልሼ አላውቅም። ወንድሜ አቀረቀረ። ጋሽ በላቸው ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። ትርሲትም እኔም መሰከርን። እሷ ሻርፗን ቤት ትታ ነበር የመጣችው። ጌታሁን ታሰረ፣ ፍርዱን ሲጨርስም ወደ አገር ቤት መለሱት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለዓመታት ሰላም ያላሉን ሰዎች ነበሩ።

የክፍል ጓደኞቼ በዚያ በጋ ካባ ለብሰው ሲመረቁ እኔ የላስቲክ ኳስ መጭመቅ እየተማርኩ ነበር። ሁለቱ ጣቶቼ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይታጠፉም። ግራ እጄን ማሰልጠን ነበረብኝ። ጣቴ ግን አልነበረም የከፋው። ወደ ክሊኒኩ ተመልሼ የሰው አገጭ ስይዝ ያ ጸጥታ ይመጣብኛል፤ እለቃለሁ። ዶክተር ሎይስ አልገሰጸችኝም። ቅንድቧ ላይ የተሰፋው ጠባሳ አንድ ዓይኗን አሳንሶታል። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ሲደርስ አልጋው ላይ ትጋደምና አንገቷን ትሰጠኛለች፤ ካልሆነልኝ ትነሳለች፣ የዓሣ ሳንድዊቿን ትበላለች። በልጉ አልፎ፣ በጋው አልፎ፣ ቅጠል ሲረግፍ አንድ ቀን ያዝኩ፣ አዞርኩ፣ ቆምኩ፣ ከዚያ ያቺን ትንሿን ግፊት ሰጠሁ። መገጣጠሚያው ቀጭ አለ። «ጥሩ» ብላ ተነስታ ምሳዋን ከፈተች። ትምህርቴን የጨረስኩት ያን ቀን ነው።

ዶክተር ሎይስ ካረፈች ቆይታለች። ትርሲት ሌላ አግብታ ልጆች አሳድጋለች፤ ቡሪየን ውስጥ የተማሪዎች አውቶቡስ ትነዳለች። ጀርባዋን ሲያማት እኔ ዘንድ ትመጣለች። ያን ጥያቄ ዳግመኛ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔ ግን ራሴን እጠይቃለሁ። ያኔ ባልለቅቀው ኖሮ እሷ ከዚያ በኋላ ያሳለፈቻቸውን፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር የምትደነግጥባቸውን ዓመታት ባላየች። እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የማንንም አንገት ባልነካሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

ክሊኒኬን የከፈትኩ ሰሞን ትርሲት መጀመሪያ ስትመጣ አልጋው ላይ ተጋድማ ብዙ ቆየችና አንገቷን እየመለሰች ወደ ኋላዋ አየች። ምን እንደሆነች ስጠይቃት፣ «በሩ ከጀርባዬ ነው» አለችኝ። ተነሳችልኝና ሁለታችን በሩ እንዲታያት አልጋውን ገፍተን አዞርነው። ሌሎቹ ታካሚዎች ለመስኮቱ ብርሃን ብዬ ያደረግሁት ይመስላቸዋል። ለኔ ሥራ አይመችም፤ ግድግዳው ክርኔን ይነካኛል። እስከ ዛሬ አልመለስኩትም።