ከየኔታ ድምፅ የቆረጥኩት

ይህ ነገር መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ ቀን አመንትቻለሁ። ጦርነት የለበትም፣ ፍቅር የለበትም፤ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ስልክና የእኔ ፈሪነት ብቻ ናቸው ያሉበት። ግን ባለፈው ሳምንት በዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት አንድ ልብ ወለድ ከመደርደሪያ መዝዤ ስከፍት የሙጫውና የአሮጌው ወረቀት ሽታ ተቀበለኝ። ሽፋኑን አላወቅኩትም። ሁለተኛውን መስመር ሳነብ ግን መጽሐፉን አወቅኩትና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ወላጆቼ ገጠር ስለሆኑ አርብ ገበያ ከተማ የምማረው ከእናቴ አጎት ቤት ተቀምጬ ነበር። የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ መምህር ናቸው፤ ዘመዱም ባዕዱም የኔታ ነው የሚላቸው። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ከትምህርት ስመለስ መጽሐፍ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። በዚያ ሰዓት ደቀ መዛሙርታቸው ቁራሽ ሊለምኑ ወደ መንደር ስለሚወጡ ግቢው ጸጥ ይላል። የኔታ ከበሩ አጠገብ፣ የማታዋ ፀሐይ በምታገኛቸው በኩል፣ አጎዛቸው ላይ ይቀመጣሉ። ከውጭ የታጨደ ገብስ ሽታ ይገባል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት የተዋስኩትን፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ልብ ወለድ ለራሴ ስገልጥ ሰሙኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ተራ ነገር ነው የኔታ። ከሌላ ኮከብ የመጡ ፍጡራን ስንዴ ማሳ ላይ ሲያርፉ የሚል ልብ ወለድ ነው።»

«ስንዴው ደርሷል?»

«እ?»

«የሰው እህል ረግጠው ከሆነ አመጣጣቸው አላማረኝም። አንብቢ እስቲ።»

አነበብኩላቸው። ለቅዱስ መጽሐፍ እንደሚያደርጉት እጃቸውን አንሥተው ያስቆሙኛል፣ መስመሩን ያስደግሙኛል፣ አንድ ፍቺ ይሰጡታል፤ ከዚያ «አንድም» ይሉና ሌላ ፍቺ ይጨምሩበታል። መምህራኑ ሁሉ የሚያስተምሩት እንዲህ ነው። ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ ግን «አንድም» ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ደስ ስላለኝ በስልኬ እቀዳቸው ጀመር። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የቀዳሁት ድምፃቸው እንዲቀመጥልኝ ብዬ ነው።

መጽሐፉ ውስጥ ያለው ቄስ እንግዶቹን ላጥምቅ ብሎ ሲነሣ የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«ልብ ወለድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያልሆነውን ሆነ አልልም። ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ቄስ ቸኩሏል። አስቀድሞ ይጠይቃቸው። አባታቸው እንደ አዳም ወድቋል? ከወደቀ ወንድሞቻችን ናቸው። አንድም፣ አልወደቀ እንደሆነ፣ ምን ብለን እናጠምቃቸዋለን? እነሱ ናቸው ለእኛ የሚያዝኑልን።»

በማግስቱ ክፍል ውስጥ አብራኝ ለምትቀመጠው ልጅ አሰማኋት። የከተማ ልጅ ናት፤ እንድትወደኝ እፈልግ ነበር።

«ውይ፣ ረዘመ! ማን ይሰማዋል? ዋናዋን ብቻ ቆርጠሽ ላኪልኝ» አለችኝ።

ቆረጥኩት። «ልብ ወለድ» የሚለው ወጣ። «ቢሆን ኖሮ» የሚለውም ወጣ። የቀረው «ምን ብለን እናጠምቃቸዋለን? እነሱ ናቸው ለእኛ የሚያዝኑልን» የሚለው ብቻ ነበር። ከላዩ «የኔታ ከሌላ ኮከብ እንግዳ ይጠብቃሉ» ብዬ ጻፍኩበትና ላክኩላት። እስከ ምሳ ሰዓት ከስልክ ስልክ ሲዞር ዋለ። ሰላም ብለውኝ የማያውቁ ልጆች በስሜ ጠሩኝ። ደስ አለኝ፤ ይኼን መደበቅ አልችልም።

አርብ ዕለት የኔታን እጃቸውን ይዤ በገበያው መሐል ሳልፍ አንድ ነጋዴ ከአህያው ጎን ሆኖ ጮኸ።

«የኔታ! እንግዶችዎ መቼ ነው የሚገቡት? አህያ ልላክላቸው?»

የኔታ ከእኔ የሰማው ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። «ኧረ በራሳቸው ነው የሚመጡ፤ ያንተ አህያ አታደርሳቸውም!»

ከኋላው አንዲት ሴት ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጥምቀት አያስፈልግም ብለው ያስተምራሉ አሉ» ስትል ሰማን። የኔታ ቆሙ።  ከዚያ «ወደ ቤት መልሺኝ» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹና ካህናቱ በደጀ ሰላም ተሰበሰቡ። የደብሩ አለቃ ስልክ ከፍተው ያንን ቁራጭ አሰሙ።

«የኔታ፣ ይህ ድምፅ የርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ብለዋል?»

«ብያለሁ። ከፊቱም ከኋላውም ያልኩት አለ፤ እሱን ግን አላሰማችሁም።»

«ማን ነው የቀዳው?»

«ዓይኔ አያይም። ያላየሁትን ሰው እገሌ ነው አልልም።»

በዚያ ቤት የሚያነብላቸው ማን እንደሆነ የኔታ ያውቃሉ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከጥዱ ሥር ቆሜ ነበር። ሙሉው ቅጂ በእጄ በያዝኩት ስልክ ውስጥ ነበር። ሃያ እርምጃ ሄጄ ባሰማቸው ነገሩ ያልቅ ነበር። ነጠላዬን ስልኩ ላይ አጥብቄ ጠቀለልኩበት። ነገሩ እስኪጣራ ማስተማሩን ያቁሙ ተባለ። ቤት ስገባ፣ ማንም እንዳያገኝብኝ ፈርቼ፣ ሙሉውን አጠፋሁት።

የኔታ የሚያስተምሩበት ጉባኤ ታጠፈ። ደቀ መዛሙርቱ ገሚሶቹ ወደ እስቴ፣ ገሚሶቹ ወዳላወቅኩት አገር ተበተኑ። የሚያጣራ ሰው ግን አልመጣም። የኔታም ስማዳ ውስጥ አንድ የገጠር ደብር ለምኗቸው ሊሄዱ ተነሡ። መጻሕፍታቸውን በቅሎ ላይ ስንጭን ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እነዚያ እንግዶች መጨረሻቸው ምን ሆነ?»

ጨርሼው ነበር። ማንም ቀርቦ ሳይጠይቃቸው ተመልሰው እንደሄዱ አውቃለሁ።

«አልጨረስኩትም የኔታ» አልኩ።

«ስትጨርሺው ትነግሪኛለሽ።»

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ወሰንኩ። ለገና ስማዳ ድረስ ሄጄ የመጽሐፉንም የእኔንም እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ የምለውን ደብተሬ ላይ ጽፌ አጠናሁት። የፈተና ሰሞን እናቴ ደወለች። ድምፅዋን ስሰማ ገባኝ። ከዚያ ሁሉ ንባብ ዛሬ በእጄ ያለው የድምፃቸው ቅሪት ያቺው የቆረጥኳት ናት፤ ላጠፋት አልቻልኩም፣ ልሰማትም አልቻልኩም።

የኔታ ያረፉት ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ለገና አሥር ቀን ሲቀረው ነበር።