ፍግ የገደላቸው የተራራ አበቦች

ሠላሳ ዓመት ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ጡረታ ወጣ ቢባልም እጁ መቼም አያርፍም። ይህ ልብስ ሰፊ ግን የማይነካት አንዲት ቦታ ነበረች። ከቤቱ ጀርባ ሚስቱ ድንጋይ ደርድራ፣ በመሐሉ ጠጠርና አሸዋ ሞልታ የተራራ አበቦች ተክላለች። ብርድ የለመዱ፣ ከስንዝር ከፍ የማይሉ፣ በየዓመቱ ከዚያው ሥራቸው የሚያብቡ ናቸው።

"ድንጋይ ዘርተሽ ምን ልታጭጂ ነው?" እያለ ያበሽቃታል።

"አንተ ብቻ አትንካብኝ" ትለዋለች።

ልጃቸው ወልዳ ሚስቱ ለሁለት ወር ልታርሳት ስትሄድ ግን አበቦቹን አደራ ሰጠችው። ውኃ በሳምንት አንዴ፣ እሱም ከጠወለጉ ብቻ።

እሱ ደግሞ አዘነላቸው። ጠጠር ላይ የተቀመጠ ነገር ምን በልቶ ያድራል? ጠጠሩን ዝቆ አወጣና የላም ፍግ ሞላበት፤ ጧትና ማታ ውኃ አጠጣ። በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ጎመን ሲለመልሙ ልቡ በኩራት አበጠ። በሦስተኛው ሳምንት አንገታቸው ጠቆረ፤ ሲነካቸው እጁ ላይ ቀሩ። የአሥራ አንድ ዓመት ልፋቷ በአንድ ባልዲ ተጠርጎ ወጣ። ፍጉንም ጥሎ፣ ሌባ ይመስል ጠጠሩን መለሰ።

ሚስቱ እንደተመለሰች ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ወደ ጓሮ ዞረች። "ምን ሆኑ?"

አፉ ቀደመው። "የጎረቤታችን ዶሮዎች ጫሯቸው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጎረቤቲቱ ባሏ የሞተባት፣ ከስድስት ዶሮዎች በቀር ጓደኛ የሌላት ሴት ናት። ሚስቱ መሳደብ አታውቅበትም፤ በአጥር ላይ "እባክሽ ዶሮዎችሽን ያዢ" አለቻትና ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ነሳቻት። እሱም ይህን እያየ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንጀራውን እየበላ ዝም አለ።

አንድ ጧት ጎረቤቲቱ መጥታ በራቸው ላይ ቆመች።

"እትዬ፣ ስድስቱንም ሸጥኳቸው። በዶሮ ምክንያት ከእርስዎ ጋር ተቀያይሜ አልኖርም።"

"ተይው በቃ፣ ያለፈ አለፈ" አለች ሚስቱ።

እሱ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ የጫማውን ክር ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። አደራ መብላቱ ሳያንስ የሰው ቤት ባዶ አስቀርቷል። ጎረቤቲቱ ስትሄድ ቀና ሳይል "እኔ ነኝ" አለ።

"ምኑን?"

"ፍግ ጨመርኩባቸው። ውኃም አበዛሁ። ዶሮ የሚባል ድርሽ አላለም።"

 ሚስቱ ስለ አበቦቹ ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ።

"ሂድና ለሷ ንገራት" አለችው። "አሁኑኑ።"

መንገዱ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ሦስት ጊዜ ቆመበት። ባርኔጣውን አውልቆ አንኳኳ። ጎረቤቲቱ ከፍታ ስታየው ፊቷ ላይ ድንጋጤ ታየ።

"ጋሼ፣ ደግሞ ምን አጠፋሁ?" አለችው።