የኢድን ጨረቃ ማን አየ

በዚያ ዓመት የኢድን ጨረቃ ያየሁት እኔ ነኝ። ስሙ የተሰጠው ግን ለአጎቴ ልጅ ለሰይድ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ይህን በደል ለመጻፍ ይበቃኛል።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የልጅ ልጄ ናት። ባለፈው ሰሞን ደሴ መሃል ካለ አሮጌ ፎቅ ጣራ ላይ ወጥታ በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ አሳየችኝ። የዛገ ቆርቆሮ፣ በመስመር የተመቱ ሚስማሮች፣ ማዶ ጦሳ ተራራ። ወዲያው አወቅሁት። ልጅ እያለን የዓረቦቹ ፎቅ ይባል ነበር፤ የአባቴ አባት ከየመን መጥተው ከወንድሞቻቸው ጋር ያሠሩት ነው።

ሰፈራችን ቤቱ ሁሉ የተጠጋጋ ስለነበር ከአንዱ ጣራ ወደ ሌላው እንሻገራለን። ሕጋችን አንድ ነው፤ ሚስማር የሌለበትን አትርገጥ። ሚስማር ካለ ከሥሩ እንጨት አለ፣ ከሌለ ከሥርህ ባዶ ነው። ከሁሉም ቀላሏ እኔ ስለነበርኩ ጣራ ላይ የቀረ የካልሲ ኳስ አውራጇም እኔ ነበርኩ። አሸንዳው ውስጥ የሰፈሩ ልጆች አዲስ እንዲበቅልላቸው የወረወሩትን የወተት ጥርስ አገኝ ነበር። ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ቀኑ የረመዳን ሃያ ዘጠነኛው ነበር። ሲያካፋ ውሎ ደመናው የተከፈተው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሽማግሌዎቹ በተምር አፍጥረው መስጊዱ በር ላይ ቆመው ወደ ጦሳ ያንጋጥጣሉ። ቀጭኗ ጨረቃ በዚያ በኩል ለአፍታ ታይታ ትሰወራለች፤ ካልታየች ነገም ፆም ነው። ከታች ሆኖ ለሚያይ ደግሞ ፎቁ ይጋርዳል። ሰይድ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። «ከጣራው ትታያለች፣ እኔ እወጣለሁ» ብሎ ተነሳ። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ ጫማዬን አውልቄ ተከተልኩት።

የረጠበው ቆርቆሮ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ግማሽ ላይ ስንደርስ የሰይድ እግር ከሚስማሩ መስመር ወጣ። ቆርቆሮው ጓ ብሎ ጎደጎደ። ሰይድ በደረቱ ተለጥፎ ቀረ።

«ዘሐራ፣ መንቀሳቀስ አቃተኝ።»

«እንግዲያው አትንቀሳቀስ። ከወደቅህ ኢዱ ለቅሶ ነው የሚሆነው።»

በጎኑ አልፌ በአራት እግሬ ወጣሁ። የተገነጠለ ቆርቆሮ ቁርጭምጭሚቴን ሲሰነጥቀው ጥርሴን ነከስኩ፤ እናቴ ከታች ከሰማች አለቀልኝ። አናቱ ላይ ደርሼ ቀና አልኩ። ከጦሳ በላይ እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች ጨረቃ። አየኋት።

«ሰይድ፣ ከተራራው በላይ አለችልህ፣ እያት» አልኩት።

«አየሁ፣ አየሁ፤ አሁን አውርጂኝ።»

መልሼ ሳያት ተራራው ውጧታል። ከሰይድ በታች ወርጄ፣ እግሩን በእጄ እየያዝኩ ከሚስማር ሚስማር አስረግጬ አወረድኩት።

መስጊዱ በር ላይ ሼሁ «ማን አየ?» ሲሉ ሰይድ ቀደመኝ። «ወላሂ አየሁ» አለ።

«ያየሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

አንድ ሽማግሌ ሳቁ። «አንቺማ ዓይንሽ ከተምሩ ላይ መች ተነስቶ» አሉኝ። ሰዉ «አላሁ አክበር» እያለ ተክቢራውን አሰማ፤ ሰይድ በሰው ትከሻ ላይ ወጣ። እኔን እናቴ ደም የነካውን ቀሚሴን አይታ፣ «ሴት ልጅ ጣራ ላይ ምን አላት?» ብላ በአለንጋ ተቀበለችኝ። ማታ ሁሉንም እያለቀስኩ ነገርኳት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለችኝ። እኔም አደርኩ። አድሬ አድሬ አያት ሆንኩ፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ «ሰይድ ጨረቃ» ይባላል።

ዛሬ ኢድ ነገ መሆኑን ስልክ ይነግረናል፤ አንገቱን ቀና የሚያደርግም የለ። የልጅ ልጄ ጣራ ወጥታ ስትመለስ የሚጠብቃት አለንጋ የለም። ከፎቶዋ ሥር ስሟ አለ፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት የሚል ሰይድም የለባት። ደስ አለኝ፣ ትንሽም ቀናሁ።

ከዚያ ስልኩን አስይዣት ሰይድ ወደሚኖርበት ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ደጁ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘነው። ፎቶውን ፊቱ አድርጌ፣ «እዚህ ጋ ነው የተለጠፍከው። ሁለታችንም ሳንሞት ተናገር። ማን ቀድሞ አየ?» አልኩት።

ፎቶውን ብዙ አየው። የልጅ ልጄ ልትስቅ ስትል በክርኔ ነካኋት።

«ፈራ እንዳይሉኝ ነው ወላሂ ያልኩት» አለ። «ለዚያ ወላሂ ማካካሻ በየዓመቱ ሦስት ቀን እፆማለሁ፤ ሚስቴም ምክንያቱን አታውቅም። ዘሐራ፣ ምን ቀድሞ አለው? መሬት እስክረግጥ ዓይኔን አልገለጥኩም። ሰፈሩ ሁሉ ኢድ ያደረገው በአንቺ ዓይን ነው።»